ሙጃሌ የመሰከረልኝ ዕለት

ሙጃሌ ይዞት የማያውቅ ሰው ምን ያህል እንደሚበላ በወሬ አይገባውም። ከትቢያ የማትለይ የነበረችው ተባይ ጥፍር ሥር ገብታ አተር አክላ ስታብጥ፣ ሰው ቅዳሴ ላይ ቆሞ እንኳ እግሩን ከድንጋይ ጋር ያፋትጋል። እኔን ይዞኝ ያውቃል፤ ያውም አንድም ጣት ሳያስቀር። ትዳሬ የቆመው በሙጃሌ ነው ብል ባለቤቴ ትስቃለች እንጂ አትቆጣም።

ጊዜው ጣሊያን አገራችንን የያዘበት ነው። ከዛሬው ፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የሚወስደውን መንገድ ሲያሠራ፣ እኛን ጎረምሶቹን እየለቀመ ድንጋይ አስፈለጠን። የምናድርበት ዳስ ወለሉ ትቢያ ብቻ ስለነበር ሙጃሌው እዚያ ተቀበለኝ። ተረከዜም ተሰነጣጥቆ ጠጠር መርገጥ ምጥ ሆነብኝ። አንድ ሸምገል ያለ ወታደር እያነከስኩ ሲያየኝ አሳዘንኩት መሰለኝ፣ ያረጀ ቡትሱን ወረወረልኝ። ጫማው ለጣቶቼ ጠበበኝ፣ ለተረከዜ ሰፋኝ። ቢሆንም እግሬን ከሰው ዓይን ሸፈነልኝና ደስ አለኝ።

ለገና ወደ ማንኩሳ ስመለስ ጉዱ ፈላ። ያኔ በእኛ ሰፈር ቡትስ የሚያደርግ ወይ ጣሊያን ነው፣ ወይ ለጣሊያን ያደረ ባንዳ። ድንጋይ ስፈልጥ ከረምኩ ብል፣ «ድንጋይ ፈላጭ ጫማ ከየት አመጣ?» የማይለኝ አልነበረም። ነገሩን ያከፋው ደግሞ፣ አባቴ ከወንዝ ማዶ ላለች ልጅ ሽማግሌ ልከውልኝ ነበር። እኔም ልጅቷን በልቤ ካስቀመጥኳት ሰንብቻለሁ። የልጅቷ አባት ግን ወንድማቸውን በባንዳ ጥቆማ ያጡ ሰው ናቸው። «ልጄን ለባንዳ አልድርም። አለመሆኑን በዓይኔ ሳላይ ተመልሳችሁ እንዳትመጡ» ብለው ሽማግሌዎቹን ሸኟቸው።

ጫማውን ማውለቅ ነበር የሚሻለው። ግን ሙጃሌ የሰነፍ ሰው በሽታ ነው ስለሚባል፣ ያን እግር ለሰው ከማሳይ ሞቴን እመርጥ ነበር። ከእናቴ እንኳ ደብቄዋለሁ።

የገና ዕለት የእኛና የማዶው መንደር ሰዎች መስኩ ላይ ተገናኘን። ገና በባዶ እግር የሚጫወቱት ጨዋታ ነው፤ እኔ ግን ከነቡትሴ ገባሁ። ጓደኞቼ «አውልቅ!» እያሉ ቢጮኹ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። የማዶውን ወገን የሚመሩት እኚያው የልጅቷ አባት ናቸው፤ ሽበታሙ ሰውዬ እንደ ወጠጤ ይዘላሉ። ሩሯ፣ ያች ከእንጨት የተጠረበችው ኳስ፣ በእሳቸውና በእኔ መካከል ስትንከባለል ሁለታችንም ተወረወርን። ዱላዬ ሩሯን ሳታት። ቡትሴ ግን የእሳቸውን አውራ ጣት አልሳተም።

«ወይኔ ጣቴን! ጣሊያን ረገጠኝ!» ብለው ተቀመጡ። መስኩ በሳቅ ተናወጠ። እኔ ግን ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

በገና ቂም አይያዝም፤ የጎዳ ሰው የተጎዳውን ደግፎ ቤቱ ያደርሳል። እኔም እየፈራሁ ደገፍኳቸው፤ እሳቸው በአንድ እግራቸው እየዘለሉ፣ እኔም በጠበበኝ ጫማ እያነከስኩ ቤታቸው ደረስን። ልጅቷ ለብ ያለ ውኃ በገበቴ አቀረበች። በዚያ ቤት እንግዳ እግሩን ሳይታጠብ ማዕድ አይቀርብለትም። የአባቷን እግር አጥባ ወደ እኔ ስትዞር እግሬን ወደ ኋላ ሳብኩ።

«እኔ ይቅርብኝ» አልኩ።

«ተይው፣ ባንዳ እግሩን ያገሩ ሰው እንዲነካበት አይወድም» አሉ አባቷ።

ልጅቷ ጎንበስ እንዳለች ቀረች። እንባ ያዘላት መሰለኝ፤ አንጀቴን በላችው። በዚህ መሐል እናቷ አፍንጫቸውን ይዘው ተነሡ። «እናንተዬ፣ ምንድን ነው እንዲህ የሚሸት?» ብለው፣ በእጄ በእግሬ ብል ሳይሰሙኝ የቡትሱን ክር ፈትተው ሳቡት። በድፍን ማንኩሳ የሚሰማ ጩኸት ጮኽኩ።

ጣቶቼ አብጠው ሌላ ጣት አብቅለዋል ማለት ይቻላል።

«ውይ ልጄን!» አሉ እናቷ። «አንቺ፣ መርፌ አምጪ!»

ሙጃሌ የሚያወጣ የቤት ሰው ብቻ ነው። እናት ለልጇ፣ እኅት ለወንድሟ ታወጣለች እንጂ የባዳ እግር ማንም ጭኑ ላይ አያስቀምጥም። ሴትዮዋ መርፌውን በእሳት ለብለብ አድርገው እግሬን ጭናቸው ላይ ሲያደርጉ፣ ነገሩ ለሁላችንም ገባን። ለባላቸውም ገባቸው።

እሳቸው እያነከሱ መጥተው ተረከዜን አነሡ። ንቃቃቱ ውስጥ የተሰገሰገውን የድንጋይ ዱቄት በጥፍራቸው ፈልፍለው በብርሃን አዩት።

«ባንዳ የሚሄደው በበቅሎ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ይኸ እግር በቅሎ አያውቅም። ምነው ታዲያ ቀደም ብለህ ያላሳየኸኝ?»

«አፍሬ ነው፣ ጌታዬ።»

«ባንዳ ሲሉህ ሳታፍር ሙጃሌ አሳፈረህ?» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። እኔ አለቀስኩ፤ ግን በመርፌው አመካኘሁ። ልጅቷ የቁስሉን ቀዳዳ በቅቤ ስትደፍን ቀና ብላ አይታኝ ነበር፤ ያን አስተያየቷን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ሽማግሌዎቹ በሳምንቱ ተመለሱ፣ ሠርጉም ሆነ። ቡትሶቹን ዶሮ እንቁላል ጣለችባቸው።

ከብዙ ዘመን በኋላ ለልጃችን ሽማግሌ መጣ። ሊያገባት የፈለገው ጎረምሳም አብሯቸው መጥቷል፤ ጫማው ፊት ያሳያል፤ ንግግሩም ያማረ ነው። ባለቤቴ ገበቴውን በውኃ ሞልታ ፊቱ አስቀመጠችለት። ልጁ ግራ ገብቶት ወደ እኔ ቢያይ፣ እኔም መርፌ ልፈልግ ተነሥቼ ነበር።