የልቤ ናሙና ከሦስት ቦታ

አባቴ ሮቤ ገበያ ስንዴ ሲገዙ የጆንያውን አፍ አያምኑም። ጫፉ የሾለ፣ ውስጡ ክፍት የሆነ ብረታቸውን ከላይ፣ ከመሃልና ከሥር ይወጉና፣ መዳፋቸው ላይ የወረደውን ፍሬ ነክሰው ነው ዋጋ የሚጠሩት። የገሰራ ገበሬዎች አመላቸውን ስለሚያውቁ ገና ሲያዩዋቸው ጆንያውን ያጋድሙላቸዋል።

ባገባሁ በዓመቴ ለጉንፋን ጎባ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሙ ደረቴን አዳመጠና ግንባሩን ቋጠረ። በልብ አልትራሳውንድ ሲያየኝ፣ ሦስት ክንፍ ሊኖረው የሚገባው አንዱ የልቤ ቫልቭ ሁለት ብቻ ሆኖ ተገኘ። አብሮኝ የተወለደ ነው።

"ቫልቩ አሁን ደህና ይሠራል" አለኝ። "ከሱ በላይ ያለው ትልቁ የደም ሥር ግን ሰፍቶ ከሆነ ማርገዝ ያሰጋሻል። በዚህ መሣሪያ የደም ሥሩ ላይኛው ክፍል ጥርት ብሎ አይታየኝም።"

እኔ ደግሞ ልጅ እፈልግ ነበር፤ በጣም።

አባቴ ሲሰሙ "አንድ ቦታ ብቻ ነዋ የተወጋው" አሉና በማግስቱ ተከትለውኝ መጡ። ሐኪሙንም ስለ ጆንያው ካስረዱት በኋላ ሌሎቹ ቦታዎች በምን እንደሚታዩ ጠየቁት።

"ሲቲ ስካን አለ" አለ ሐኪሙ። "ፈጣን ነው፣ የደም ሥሩን ስፋት በደንብ ያሳያል፤ ግን ጨረር አለው። ኤምአርአይ ጨረር የለውም፤ ጣጣው ረጅም ሰዓት ቱቦ ውስጥ መተኛት ነው። እሷ ለወደፊቱም በየጊዜው ስለምትለካ ኤምአርአይ ይሻላታል።"

"ሁለቱንም አድርግላት።"

"አባባ፣ ልብ ከሥሩ ገለባ አይደባለቅበትም። ያልታየኝን ማየት ነው የምፈልገው።"

እያጉረመረሙ ተስማሙ። አዲስ አበባ ወስደውኝ ኤምአርአይ ተነሳሁ። ማሽኑ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮሃል፤ ትንፋሽ ያዢ ባሉኝ ቁጥር በልቤ ዱዓ አደርግ ነበር። ደም ሥሩ አልሰፋም። ጎባ ስንመለስ ሐኪሙ ክትትሌን እስካላቋረጥኩ ድረስ ማርገዝ እንደምችል ሲነግረኝ እዚያው ወንበሩ ላይ አለቀስኩ።

ቀጥሎ ነገሩ በዘር ስለሚመጣ ወላጆቼም ቢታዩ ጥሩ ነው አለ። እናቴ ታየች፤ ደህና ናት። አባቴ ግን ሥራ አለብኝ እያሉ ስንት ሳምንት ካስለመኑን በኋላ መመርመሪያው አልጋ ላይ ወጡ።

ሁለት ክንፍ።

የሸሚዛቸውን ቁልፍ እየቆለፉ ቀስ ብለው "ከኔ ነዋ የወሰድሽው" አሉኝ። ሲሸሹት የከረሙት ይሄንን እንደነበር ያኔ ገባኝ፤ አንጀቴን በሉት።

"ከእርስዎ ከሆነማ እኔም ስልሳ ዓመት ስንዴ ልሸከም ነው፣ አባ" አልኳቸው።

ሐኪሙ ሳቀና "እርስዎንም ሌላ ቦታ እንውጋዎት?" አላቸው።

"ለኔ ለጊዜው አንዱ ይበቃል።"

አሁን ሰባት ወሬ ነው። ልጁም ሲወለድ ልቡ እንዲታይ ሐኪሙ ነግሮናል። እኔ እንደ ልማዴ መጨነቅ ስጀምር አባቴ ሆዴን በዓይናቸው ለካ አድርገው፣ "ክንፉ ሁለትም ይሁን ሦስት የኛው ነው፣ ኢንሻአላህ" ይሉኛል።