የእንጉዳይ የጾም ድስት

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ስንቱን ተናዝዣለሁ፤ መሳደቤን፣ መስከሬን፣ አንድ ሰሞን ቅዳሴ ማስታጎሌን። ወደዚህች ነገር ስደርስ ግን ሁልጊዜ ጉሮሮዬን ጠርጌ ወደ ሌላ አልፋለሁ። እንግዲህ እናንተ ስሙኝ። ይፍታህ በሉኝ ግን አልልም።

በደርግ ጊዜ ደባርቅ አስተማሪ ነበርኩ። ድርቁ የበረታበት ዓመት ነው፤ ደመወዛችን ተቆራርጦ ይደርሰናል፣ ገበያውም እሳት ሆኗል። እኔና የጂኦግራፊው መምህር ታደሰ አንድ ቤት ተከራይተን ስንኖር ትልቁ ሥራችን ርካሽ ምግብ ማሳደድ ነበር። የት ቤት እንጀራ ይጨምራሉ? የት ቤት መረቅ በነጻ ይደግማሉ? በተለይ ማክሰኞና ሐሙስ። በማግስቱ ጾም ስለሆነ የተረፈው የሥጋ ወጥ ከአሥር ሰዓት በኋላ በግማሽ ዋጋ ይሸጣል። እኛም ከውይይት ክበቡ እየሾለክን ከመናኸሪያው ጀምረን ቤት ለቤት እናሸታለን። አንድ ቀን ካድሬው፣ "ጓዶች፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ምን ነካችሁ?" ቢለን ታደሰ "ሆዳችንን ነው፣ ጓድ" አለው። ውሸት አልነበረም።

ከሁሉም የሚሻለው የእንጉዳይ ቤት ነበር። እንጉዳይ ባሏ ዘምቶ ሳይመለስ የቀረባት፣ ሁለት ሴት ልጆቿን በዚያች ምግብ ቤት የምታሳድግ ሴት ናት። ማክሰኞ የሥጋ ወጧን ዋጋ ትቀንሳለች፤ ረቡዕ ደግሞ ሽሮዋ ከአምባራስ ድረስ ለገበያ የመጣውን ጿሚ ሁሉ ይሰበስባል።

ወድጃት ነበር ልበል? ልበል እንጂ፣ ዛሬ ማንን እፈራለሁ። እሷ ግን እኔን "እርስዎ" እያለች ታከብረኛለች፤ ታደሰን "አንተ ቀልማዳ" እያለች ትስቃለች። አንድ ትሪ ላይ አብረን ስንበላ ቅልጥሙን በእሱ በኩል ታስቀምጠዋለች። ሁልጊዜ! ትሪውን አዙሬ አይቻለሁ፤ መጥታ እየሳቀች መልሳ ታዞረዋለች። እኔ የዳባት ቄስ ልጅ፣ እኔ ጿሚው፣ እኔ ጨዋው፣ ምን ጎደለኝ? አጥንት ስቆጥር፣ ሳቋን ስቆጥር ከረምኩ። ቅናት ውስጤን በላው።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ የአጥቢያችንን ሽማግሌ ቄስ ጠጋ አልኳቸው።

"አባ፣ የነፍስ ልጆችዎ ረቡዕ ረቡዕ የእንጉዳይን ሽሮ ይበላሉ አይደል?"

"እንዴታ! ምነው ልጄ?"

"አይ፣ እኔስ ቅቤ ቅቤ ሸተተኝ። በማክሰኞው ድስት እየሠራችው ይሆን እላለሁ።"

"በስመ አብ ወወልድ!" ብለው አማተቡ። "ታዲያ ሕዝቡን ስታስገድፈው ከርማለቻ!"

ያልኩት ይኸው ነው፤ ውሸትም ነበር። የጾሙን ድስት እኔ አውቀዋለሁ። ጓዳው በር አጠገብ ለብቻው በምስማር ይሰቀላል፣ ማማሰያውም የብቻው ነው፣ ከፍስኩ ዕቃ ጋር አይነካካም። ስንት ረቡዕ ዓይኔ እያየ ከዚያ ምስማር አውርዳዋለች። አውቄ ነው ያልኩት።

አባ ለነፍስ ልጆቻቸው ሁሉ ነግረው ኖሮ በሁለተኛው ረቡዕ ቤቷ ጭር አለ። ታደሰ ባገኘው ሰው ፊት "ሐሰት ነው!" እያለ ተሟገተላት፤ ግን እሱ መች ጾሞ ያውቅና ማን ይስማው? ብዙም ሳይቆይ ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ አምባራስ መደቡት። ያን ጊዜ እንጉዳይ ወደ እኔ መጣች።

ነጠላዋን አጣፍታ ደጄ ላይ ቆማ፣ "እርስዎ የቄስ ልጅ ነዎት" አለችኝ። "ረቡዕ ሁሉ ከእኔ ቤት በልተዋል። አባ ዘንድ ሄደው አንድ ቃል ይናገሩልኝ፣ የእርስዎን ያምናሉ። ልጆቼን ምን ላብላቸው?"

እኔ ምን አልኳት? "ጓዳሽ ገብቼ አላየሁ፣ ምን ብዬ ልመስክር?" አልኳት። እኔ ነኝ ይህን ያልኩት። በአንድ ቃል የነሳኋትን እንጀራ በአንድ ቃል ልመልስላት ስችል፣ እኔ ነኝ።

ከዚያስ ከቤቷ ቀረሁ? አልቀረሁም። ሰው ሲጠፋባት የማክሰኞውን ወጥ ከግማሽ ዋጋም በታች አወረደችው፤ እኔም እየሄድኩ በላሁ። ከደባርቅ እስከ ዳባት እንደዚያ ያለ ርካሽ አልነበረም፤ ዋጋውን ያወረድኩትም እኔ ነበርኩ።

በመጨረሻው ማክሰኞ ወንበሮቹ ተሸጠው አንድ ብቻ ቀርቶ ነበር። በማግስቱ ልጆቿን ይዛ አምባ ጊዮርጊስ እህቷ ዘንድ ልትጠጋ ነው። ትሪውን አቀረበችልኝ። ቅልጥሙ በእኔ በኩል ነበር።

"ይብሉ" አለችኝ። "ሰው ሁሉ ሲሸሸኝ እርስዎ እንኳ አልቀሩብኝም። እግዜር ይስጥልኝ።"

ያን ጊዜም ልናገር እችል ነበር። አልተናገርኩም፤ ጎረስኩ።

ዘመኑ ክፉ ነበር፣ ሁሉም ሆዱን ያሳድድ ነበር ብዬ ላመካኝ? አላመካኝም። ታደሰም ርቦት ነበር፣ እሷም ርቧት ነበር፤ እንዲህ ያደረግሁት ግን እኔ ብቻ ነኝ። ከዚያ ወዲህ አውቶቡሱ በአምባ ጊዮርጊስ ባለፈ ቁጥር ፊቴን በነጠላዬ እሸፍናለሁ። ለንስሐ አባቴ ለምን እንዳልነገርኳቸው ታውቃላችሁ? "ስትበላው ምን ተሰማህ?" ብለው እንዳይጠይቁኝ ነው። እንጉዳይ ቆማ እያየችኝ ቅልጥሙን መጥጬ ጨረስኩት፤ ጣፍጦኝም ነበር።