ሱሄይል ያልተባለው ወንድሜ

ልጅ ሳለሁ መብራት ሲጠፋ ደስ ይለኝ ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እናቴ «ደግሞ ጠፋ!» ብላ ስትማረር እኔም እንደሷ ፊቴን አጨማድድ ነበር እንጂ ውስጤ ይስቅ ነበር። መብራት ሲጠፋ ቴሌቪዥኑ ዝም ይላል፤ አባባ ደግሞ መናገር ይጀምራሉ።

አባባ የአባቴ አባት ናቸው። ልብስ ሰፊ ነበሩ። ኮልፌ፣ ከታክሲው ፌርማታ ገባ ብሎ ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ፣ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪናቸውን አቁመው ይሠሩ ነበር። መብራት ካለ በኤሌክትሪክ ካውያ ይተኩሳሉ፣ ሲጠፋ ግን ከመኪናው ሥር ያቺን ከባድ የከሰል ካውያ ያወጣሉ። ፍም ሲሞሉባት በጎኗ ባሉት ቀዳዳዎች ቀይ ብርሃን ይወጣና ግድግዳው ላይ ይንቀሳቀሳል። ያኔ እኔና ታላቅ እህቴ ሂክማ ቁርጥራጭ ጨርቅ የሞላበት ማዳበሪያ ላይ እንቀመጣለን፤ ፋኖሱ ከመኪናው አጠገብ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ይወዛወዛል፤ አባባ ሱሪ እየተኮሱ፣ ውሃ በእጃቸው እየረጩ፣ እንፋሎቱ «ችስ» ባለ ቁጥር ትንሽ ዝም እያሉ ተረታቸውን ይቀጥላሉ። ተረቱ የሚቆመው ካውያው ሲቀዘቅዝ ወይም መብራት ሲመጣ ነበር።

ከሁሉም አንዱ ተረት አልለቀቀኝም። አባባ በወጣትነታቸው አንድ አረብ ቤት በረንዳ ላይ ይሰፉ ነበር። ባለሱቁ የየመን ሰው ነበሩ፤ ሱሄይል የሚባል የአባባ እኩያ ልጅ ነበራቸው። ሁለቱ ወጣቶች በጣም ይዋደዱ ነበር። በኋላ ቤተሰቡ ወደ አገሩ ሲመለስ ሱሄይልም አብሮ ሄደ፤ ወሬውም ጠፋ። ሱሄይል ስለ ስሙ ለአባባ ያወራላቸውን ተረት አባባ ለኛ አወሩልን።

«ሱሄይል ኮከብ ነው» ይላሉ። «ድሮ ከሌሎቹ ኮከቦች ጋር ይኖር ነበር። አንድ ቀን ሸሽቶ ወደ ደቡብ ወረደ። ሁለት እህቶች ነበሩት። ሰማይ ላይ ትልቅ ነጭ ወንዝ አለ። ታላቂቱ ወንዙን ተሻግራ ተከተለችው። ታናሺቱ መሻገር አልቻለችም። ወዲህ ቀርታ አለቀሰች፣ ዓይኗ እስኪደክም አለቀሰች። ታላቂቱ እንደዚያ የምታበራው፣ ታናሺቱ ደግሞ ፈዘዝ ያለችው ለዚህ ነው።»

ይህን ለመጨረሻ ጊዜ ሲነግሩን እናቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። ሂክማ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር፣ እኔ ዘጠኝ። አባባ ካውያውን አነሱና «ወንድ ከሆነ ሱሄይል ነው የምንለው» አሉ።

ሂክማ አጨበጨበች። እኔ ግን ቆጠርኩ። አንድ ወንድም፣ ሁለት እህቶች። ታላቂቱ ደፋር ናት፤ ታናሺቱ ታለቅሳለች። ሂክማ ደግሞ በነጋ በጠባ «አልቃሻ» ትለኝ ነበር። ያልተወለደው ወንድሜ ጥሎን ሲሄድ፣ ሂክማ ስትከተለው፣ እኔ በረንዳው ላይ ብቻዬን ስቀር ታየኝ። ዓይኔ ሞላ።

«ምን ሆንሽ ፎዚዬ?» አሉኝ አባባ።

«ጭሱ ነው አባባ።»

ካውያውን ወደ ማዶ ዞር አደረጉልኝ።

«ከዚያስ? ተመለሰ?» አለች ሂክማ። አባባ ሊመልሱ ሲሉ መብራት መጣ። ሰፈሩ በሙሉ «መጣ!» ብሎ ጮኸ፤ ሂክማም ወደ ቴሌቪዥኑ ሮጠች። መልሱን ሳንሰማ ቀረን።

ከዚያ በኋላ ስሙ ራሴ ውስጥ ይዞር ጀመር። የቁርዓን አስተማሪያችንን ኡስታዝ ለመጠየቅ ሦስት ቀን ፈጀብኝ፤ አንድ ቀን አፌን ከፍቼ የውሃ ፈቃድ ጠይቄ ተመለስኩ። በመጨረሻ ስጠይቃቸው «ሱሄይል ማለት ገር፣ የማያስቸግር ማለት ነው» አሉኝ። ኮከብ ነው ወይስ ገር? ገር የሆነ ሰው እህቶቹን ጥሎ ይሸሻል? የባሰ ግራ ገባኝ። እዚያው ቁርዓን ከምንቀራው ልጆች መካከል በዚህ ስም የሚጠራ እንዳለ በዓይኔ ፈለግኩ። አብዱረህማን ብቻ አራት ነበሩ። ሱሄይል አንድም የለም። ምናልባት ሁሉም ሄደው ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

ወንድሜ ተወለደ። በሰባተኛው ቀን በግ ታረደ፤ ዘመድ ተሰበሰበ፤ ሸሁ ሕፃኑን አቅፈው ስሙን ሲጠይቁ አባቴና አባባ ተያዩ።

«አባባ፣ አይቀየሙኝና ረያን ብንለውስ?» አለ አባቴ። «ጾመኞች የሚገቡበት የጀነት በር ነው። ስሙ ያምራል፣ ሁሉም ያውቀዋል።»

«ሁሉም የሚያውቀው መሆኑ አይደል ችግሩ? ሱሄይልስ ምን አለው?» አሉ አባባ።

«ሱሄይል ደግሞ ማነው?» አለች አክስቴ ዘይነባ ከጓዳ። «የመድኃኒት ስም ይመስላል! ልጁ ስሙን ሲያስረዳ ይኑር እንዴ?»

ሰው ሳቀ። አባባም ሳቁ፤ ግን ጢማቸውን ማሻሸት ጀመሩ። አባቴ አባቱን መጋፋት አልቻለም፤ መተውም አልፈለገም። በመጨረሻ አባባ «እንግዲያው ዕጣ ይጣል» አሉ። «ፎዚያ ታውጣ።»

እኔን የመረጡት ያለ ምክንያት አልነበረም። የልብስ ሰፊዎቹ እቁብ ቤታችን ሲሰበሰብ ሁልጊዜ ዕጣ የማወጣው እኔ ነበርኩ፤ የማወራበት ሥራ ስላልሆነ እወደው ነበር። አባቴ በአንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፎ አጠፈ። አባባም መነጽራቸውን አድርገው ጽፈው አጠፉ። ሁለቱ ወረቀቶች የአባባ ኮፍያ ውስጥ ገቡ፤ ኮፍያውን ከራሴ በላይ ከፍ አድርገው ያዙት።

እጄን አስገባሁ። ወዲያው አወቅኩ። አንዱ ወረቀት አራት ማዕዘን ነበር፣ በችኮላ የታጠፈ። ሌላው ቀጭንና ረጅም፣ ሦስት ጊዜ የተደራረበ፣ ጠርዙ በጥፍር የተጫነ ነበር። አባባ ወረቀት የሚያጥፉት የሱሪ እግር እንደሚያጥፉት ነው። እቁብ ላይም የሳቸውን ዕጣ በጣቴ አውቀው ነበር፤ ያኔ ግን ሳላዳላ ያገኘሁትን አወጣ ነበር። ያን ቀን ጣቴ ቀጭኑ ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ አራት ማዕዘኑን አወጣሁ።

ሸሁ ገልጠው «ረያን» ብለው አነበቡ። ሴቶቹ እልል አሉ። አባባ ኮፍያውን አውርደው የቀረውን ወረቀት በጣታቸው አንስተው ኪሳቸው ከተቱ፤ ኮፍያውን መልሰው ደፉ፤ «አላህ ያሳድገው» አሉ። ፊታቸው ላይ ቅሬታ ፈለግኩ፤ አላገኘሁም። እኔ ግን የደረሰኝን የበግ ሥጋ ሳልነካ ለሂክማ ሰጠኋት።

ስሙ በሁሉም ዘንድ የታወቀ መሆኑ እውነት ነበር። ለክትባት ወስደነው «ረያን» ተብሎ ሲጠራ ሦስት እናቶች ልጅ አቅፈው ተነሱ። አሁን ትምህርት ቤት ገብቶ ክፍሉ ውስጥ ትልቁ ረያን፣ ትንሹ ረያን እና ረያን ጥርሱ አሉ። የኛው ጥርሱ ነው፤ ፊት ለፊት ሁለቱ ወልቀውበታል። በቀደም እያለቀሰ መጥቶ «ለብቻዬ የሆነ ስም ለምን አላወጣችሁልኝም?» አለኝ።

አባባ ከዚያ ቀን ወዲህ የሱሄይልን ተረት አልነገሩንም። ስንጠይቃቸው «ረስቼዋለሁ» ይላሉ። ሌሎቹን አንድም አልረሱም ነበር። ባለፈው ዓመት አረፉ፤ አላህ ይዘንላቸው። ሂክማ ደግሞ ሥራ ፍለጋ ባሕር ተሻግራ ሄዳለች። ማንንም ተከትላ አይደለም። ሱሄይል የሚባል ወንድም ሳይኖረን ታላቂቱ ተሻገረች፤ እኔ ወዲህ ቀረሁ። ይህ ለምን እንደሆነ አሁንም ሊገባኝ አልቻለም።

ስምንተኛን ጨርሼ ትምህርት ሳቆም የአባባ የስፌት መኪና ለኔ ተሰጠ። መሳቢያውን ያጸዳሁ ቀን አሮጌ ቁልፎች፣ የተሰበሩ መርፌዎች፣ ጨርቅ ላይ ምልክት የሚያደርጉበት ያለቀ ሳሙና አገኘሁ። ከሁሉም ሥር ቀጭን ወረቀት ነበረ፤ ሦስት ጊዜ የተደራረበ፣ ጠርዙ በጥፍር የተጫነ። ሳልገልጠው በጣቴ አወቅኩት። እዚያ ውስጥ ስሙን ላገኘው ነበር፤ እኔ የከለከልኩትን ስም። እየፈራሁ ገለጥኩት።

በአባባ የተንጋደደ እጅ ጽሑፍ «ረያን» ይላል።

ወረቀቱን ገልብጬ አየሁት። ከጀርባው ባዶ ነው። ሁለቱም ወረቀቶች ላይ አንድ ስም ነበር ማለት ነው። የትኛውንም ባወጣ ሱሄይል አይወጣም ነበር። ታዲያ ሰባት ዓመት ሙሉ የተሸከምኩት ጥፋት የማን ነው? አባባ የጓደኛቸውን ስም ያን ያህል እየወደዱት ለምን ተዉት? ለአባቴ ብለው ነው? ሰው ስለሳቀ ነው? ወይስ በኔ ምክንያት? በኔ ምክንያት ከሆነ ደግሞ ማን ነገራቸው? እኔ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

በዚህ ሰሞን አመሻሽ ላይ መብራት ጠፍቶ በከሰል ካውያው የጎረቤት ዩኒፎርም ስተኩስ፣ ረያን ማዳበሪያው ላይ ቁጭ ብሎ «ተረት ንገሪኝ» አለኝ። የማውቀውን ያህል ነገርኩት። ኮከቡን፣ ወንዙን፣ ሁለቱን እህቶች። በስተደቡብ፣ በዘነበወርቅ በኩል፣ ከሕንፃዎቹ በላይ ዝቅ ብሎ የሚያበራ አንድ ኮከብ አሳየሁት፤ እሱ ይሁን አይሁን እርግጠኛ አይደለሁም።

«ከዚያስ? ተመለሰ?» አለኝ።

«አላውቅም።»

«ታለቅሻለሽ እንዴ?»

«ጭሱ ነው።»

ወንድሜ ካውያውን አየ፣ እኔን አየ። «ጭሱ እኮ ወደኔ ነው የሚመጣው» አለ።

እውነቱን ነው፤ ነፋሱ ወደሱ ነበር። ያኔ አባባ ካውያውን ዞር ሲያደርጉልኝ ነፋሱ በእርግጥ ወደኔ ነበር ወይስ አልነበረም ብዬ ለማስታወስ እስካሁን እሞክራለሁ።