ያልተነጠፈው አልጋ

የሆቴሉ ጽዳት ሠራተኛ ቨርና ጠዋት ክፍሉን ልታጸዳ ስትገባ የአንዲት አሮጊት እንግዳ አልጋ ሁልጊዜ ተነጥፎ ይጠብቃታል። የአንሶላው ጥግ እንደ ፖስታ ታጥፏል። እንዲህ የሚያጥፍ የሆቴል ሠራተኛ እንጂ እንግዳ አይደለም።

ምግቡንም መጠጡንም ሆቴሉ የሚችልበትን ይህን በባሕር ዳርቻዋ ሞንቴጎ ቤይ የሚያሳልፉትን የእረፍት ሳምንት ልጃቸው ያገኘው በባንክ ካርዱ ዕቃ በገዛ ቁጥር ለዓመታት ባጠራቀመው የሽልማት ነጥብ ነው። እሳቸው ግን የሆቴሉ እንግዳ መሆናቸውን የሚያሳየው አምባር እጃቸው ላይ ታስሮ ሳለ፣ ቁርስ ሲያልቅ የቤተሰቡን ሳህን ይሰበስባሉ።

«እማዬ፣ ነጥቤን የጨረስኩት ሳህን እንድታነሺ ነው?» ይላል ልጃቸው።

«እጄ መቼ እሺ ይለኛል!»

በመጨረሻ ቨርና አላስቻላትም።

«እማማ፣ ከሥራ ሊያስባርሩኝ ነው እንዴ?» አለች አልጋውን እያሳየች።

ሴትዮዋ በመስኮቱ ወደ ባሕሩ አዩ። «እዚሁ ፎቅ ላይ አልጋ ሳነጥፍ ነው የጎበጥኩት፣ ልጄ። ያኔ ለኛ ለሠራተኞቹ ባሕሩ ውስጥ እግር መንከር እንኳ ክልክል ነበር።»

«ለኛማ ዛሬም ክልክል ነው። እርስዎ ግን እንግዳ ነዎት፤ ምን ይጠብቃሉ?»

በማግስቱ አልጋው ተተራምሶ፣ ትራሱ ወለል ላይ ወድቆ አገኘችው። ደንግጣ ወደ በረንዳው ወጣች። ሴትዮዋ እስከ አንገታቸው ባሕር ውስጥ ገብተው ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ውሃ ይረጫጫሉ። ቨርናን ሲያዩ አምባር ያለበትን እጃቸውን ከፍ አድርገው ጮኹ፦

«ዛሬ አንቺ አንጥፊው!»