እሑድ የሚያርፉት እንግዶች

ቲሞፌይ ሳቬልዬቪች በትምህርት ቤታችን ሠላሳ አንድ ዓመት ፊዚክስ አስተምረዋል። እኔ ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ ሥነ ጽሑፍ ላስተምር በሶቪየት ሩሲያ ደቡብ ወዳለችው የኩባን ወንዝ ዳር ከተማ ስመደብ፣ ስለ እሳቸው መጀመሪያ የሰማሁት አንድ ነገር ነው፤ ተማሪ ፊት ቆመው «አላውቅም» ለማለት የማያፍሩ ብቸኛው መምህር እሳቸው ናቸው ተባልኩ።

እ.ኤ.አ. በ1967 በጋ፣ ፀሐይ ከገባች ብዙም ሳይቆይ፣ ሰማይ ላይ ማጭድ ታየ። እኔም አየሁት። ከሱፍ አበባው እርሻ በላይ፣ ከጨረቃ የገዘፈ ቢጫ ማጭድ፣ ድምፅ ሳያሰማ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ አለፈ። ከፊቱ አንዲት ኮከብ ትመራው ነበር። የታቀፍኩት ሐብሐብ ከእጄ ወድቆ ተሰነጠቀ፤ አጠገቤ ከነበሩት ሰዎች ወደ መሬት ያየ አልነበረም።

በማግስቱ ከተማው ሁሉ ስለ ሌላ ዓለም ሰዎች ያወራ ጀመር። የወሬው አለቃ ፀጉር አስተካካዩ ሉክያን ነበር። ማርስ ላይ ውሃ ስላለቀባቸው የኩባንን ጥልቀት ሊለኩ መጥተው ነው ይል ነበር፤ ይህንንም ለእያንዳንዱ ደንበኛ ጥቂት እየጨመረ ይነግራል። ቲሞፌይ ሳቬልዬቪች ሊላጩ ተቀምጠው ሰሙት።

«ሉክያን ወንድሜ» አሉት በመጨረሻ፣ «ማጭዱን ሁላችንም አይተናል። የጎደለው መዶሻው ብቻ ነው። የማን ይመስልሃል?»

ሉክያን ምላጩን ከአገጫቸው ላይ አነሳ። «ቲሞፌይ ሳቬልዬቪች፣ ጉሮሮዎን ለሰው ሰጥተው እንዲህ አይቀለድም» አላቸው።

ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ የሚሰበሰብ የከዋክብት ክበብ ነበራቸው። ከክበቡ ልጆች ሁሉ ተስፋ የጣሉት በግላፊራ ላይ ነው። የወፍጮ ሠራተኛ ልጅ ናት፤ የመጨረሻ ክፍል ተማሪ፣ ምላሷ የሰላ። ሞስኮ ገብታ ፊዚክስ እንድትማር ሁለት ዓመት ሙሉ ያለ ክፍያ አስጠንተዋታል። ማጭዱ እስከ ኦክቶበር አምስት ጊዜ ሲመላለስ፣ ሰዓት የያዘችው እሷ፣ አቅጣጫ የለኩት እሳቸው ነበሩ። አምስቱም ጊዜ መንገዱ አንድ ነው። ሁሌም ፀሐይ እንደጠለቀች ይመጣል፤ እሑድ ቀን ግን አንድም ጊዜ መጥቶ አያውቅም።

«ከሌላ ኮከብ የመጣ እንግዳ እሑድ ያርፋል?» ብላ የሳቀችው ግላፊራ ናት። «ይሄማ ደመወዝተኛ ነው።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁለቱ አብረው አሰሉት። የራሳችን አገር የሚያስወነጭፈው አንድ ነገር ነው፤ ምድርን ዞሮ ዙሩን ሊጨርስ ሲል ፍጥነቱን ይገታና በስተምሥራቅ ካለው ባዶ ሜዳ ይወድቃል። ማጭድ መስሎ የሚያበራው ሲገታ የሚተፋው ጭስ ነው፤ ከፍታው ላይ የጠለቀችው ፀሐይ ገና ታገኘዋለች። ውስጡ ምን እንዳለ ቲሞፌይ ሳቬልዬቪች «አላውቅም» ብለው ጻፉ።

እኛ ዘንድ ሰው የጎማ ጫማው ሲቀደድም፣ ፖም ዛፉን ትል ሲበላውም ለጋዜጣ ይጽፋል። እሳቸውም የሰዓቱንና የአቅጣጫውን ሠንጠረዥ ከነስሌቱ ለአንድ የሞስኮ መጽሔት ላኩ። ሥራው የሁለቱ ስለሆነ ከስማቸው ሥር የግላፊራን ስም አሰፈሩ። ደስ ይላቸዋል፣ ምናልባትም ያትሙታል ብለን ነበር። ነጠላ ሰረዞቹን ያስተካከልኩት እኔ ነኝ።

ከመጽሔቱ መልስ አልመጣም። በኖቬምበር አንድ ግራጫ ካፖርት የለበሰ ሰው መጥቶ ርእሰ መምህሯ ቢሮ ውስጥ ተቀመጠ፤ ደብዳቤው እጁ ላይ ነበር። የተባባሉትን ያንኑ ቀን ማታ ቲሞፌይ ሳቬልዬቪች ነገሩኝ። ሰውየው ትሁት ነበር አሉ።

«የጻፉት ስህተት ከሆነ ወሬ ነዝተዋል። ትክክል ከሆነ ደግሞ ምስጢር አውጥተዋል። የቱን ይመርጣሉ?»

«አውራጃው ሁሉ ያየው ነገር ምን ምስጢር አለው?»

«አውራጃው አይቷል። ያሰላው ግን እርስዎ ነዎት።»

ቅዳሜ በባህል አዳራሹ ለሕዝብ ንግግር እንዲያደርጉ፣ ነገሩ ከሌላ ዓለም ሊሆን ይችላል እንዲሉ ተነገራቸው። ለጡረታቸው ዓመት ተኩል ነበር የቀራቸው፤ ብትፈልጉ አባርሩኝ አሉ። ሰውየው ጣቱን በሁለተኛው ስም ላይ አሳረፈና፣ ይቺ ልጅ ዘንድሮ ማመልከቻዋን የት ልታስገባ ነው ብሎ ጠየቃቸው።

ለግላፊራ ልንገራት ስላቸው ከለከሉኝ። «ብታውቅ ዝም አትልም፣ ልጄ። ተነስታ ትናገራለች፤ ያኔ አለቀላት።»

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ቲሞፌይ ሳቬልዬቪች የበዓል ኮታቸውን ለብሰው፣ ከወረቀት ላይ አንድም ጊዜ ቀና ሳይሉ ስለ ሩቅ ዓለማት አነበቡ። ሉክያን ከፊት ወንበር ሆኖ በየመስመሩ ራሱን ይነቀንቃል። ግላፊራ ከኋላ ተነሳች።

«ቲሞፌይ ሳቬልዬቪች፣ እሑድ የማይመጡት ለምንድን ነው?»

«አላውቅም» አሏት።

ሳይቀጥሉ ወጣች። ሉክያን መድረክ ላይ ወጥቶ አቀፋቸው፤ እኔ ያልኩት ይኸው ነው ሲል አገር ሰማለት። ከዚያ ወዲያ ሐሙስ ሐሙስ ወደ ክበቡ ግላፊራም ሌሎቹ ልጆችም አልመጡም።

ጁን ላይ ስለ ግላፊራ ለሞስኮ የጻፉትን የድጋፍ ደብዳቤ በእኔ ላኩላት። በእጅ ጽሑፍ አራት ገጽ ነበር። ግላፊራን ያገኘኋት ከወፍጮ ቤቱ በር ላይ፣ ዱቄት ከክንዷ ስታራግፍ ነው። ማመልከቻዋን ለንግድ ትምህርት ቤት አስገብታ ጨርሳለች። ፖስታውን ሳትከፍት መለሰችልኝ።

«ለማርስ ሰዎች ይላኩላቸው» አለች። «እሳቸው የሚያምኑት በእነሱ ነው።»

ምስጢሩ ምላሴ ላይ ነበር። ማመልከቻዋ ሌላ ቦታ ገብቷል፤ ብነግራት ምን ይለውጣል ብዬ ዋጥኩት። አሁንም ድረስ ያሳፍረኛል።

ቲሞፌይ ሳቬልዬቪች አጥራቸው ሥር ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። «ተቀበለችሽ?» አሉኝ።

«ተቀበለች» አልኳቸው።

«አንብባው ይሆን?»

«የሞስኮው ባቡር ላይ አነበዋለሁ ብላለች» አልኳቸው፤ እሳቸውም በደስታ ስለ ባቡሩ ሰዓት ይነግሩኝ ጀመር።