የልደት ቀን ዕጣ

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ሰው ፊት ለመናገር ስለማፍር ግን ያስጨነቀኝን ነገር እዚህ ላስቀምጠው።

ታናሽ ወንድሜ አሥራ ስምንት ዓመት ሞላው። እዚህ አሜሪካ በዚህ ዕድሜ ያለ ወንድ፣ ምናልባት ጦርነት ቢመጣ ለውትድርና እንዲጠራ ስሙን ማስመዝገብ አለበት። እሱን አልከበደውም። ካልተመዘገብኩ ነገ ዜግነት ስጠይቅ ችግር ይሆንብኛል አለ። እናታችን ግን በስልኩ ሊመዘገብ ሲል ከእጁ ቀምታ ጉያዋ ውስጥ ከተተችው።

«እማዬ፣ ይሄ እኮ ቀበሌ አይደለም። ስም ብቻ ነው» አላት እየሳቀ።

«ቀበሌም መጀመሪያ የጠየቀው ስም ብቻ ነው» አለችው።

በደርግ ጊዜ፣ እሷ ልጅ ሳለች፣ ታላቅ ወንድሟ የዘመተው ቀበሌ ስብሰባ ላይ ከባርኔጣ ውስጥ በወጣ ዕጣ ነው። አልተመለሰም። ዲቪ የደረሰን ቀን እንኳ ጎረቤቱ እልል ሲል እሷ ዕጣ የሚለውን ቃል ሰምታ ፊቷ ገርጥቶ ነበር።

እኔ ሰመርሊን የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌን ቤታቸው እየሄድኩ እንከባከባለሁ። በማግስቱ ምሳቸውን እያቀረብኩ፣ እዚህ አገር ለውትድርና ዕጣ ወጥቶ ያውቅ እንደሆነ ፈራ ተባ እያልኩ ጠየቅኋቸው። በቬትናም ጦርነት ጊዜ ወጥቷል አሉኝ። የዓመቱ ቀኖች እንደ መድኃኒት እንክብል ባሉ ትንንሽ ፕላስቲኮች ውስጥ ተከትተው፣ ከትልቅ የመስታወት ዕቃ አንድ በአንድ ሲወጡ በቴሌቪዥን ይታይ ነበር። ልደቱ ቀድሞ የወጣ ቀድሞ ይጠራል። የእሳቸው ቀን ቀድሞ ወጣ፤ ሄዱ። ይህን ሁሉ ስለ አየር ጠባይ እንደሚያወራ ሰው ነው የነገሩኝ። አሁን ዕጣው የለም፤ ከተመለሰ ግን ያው በልደት ቀን ነው አሉ።

ወንድምሽ መቼ ተወለደ አሉኝ። ሴፕቴምበር ሦስት አልኳቸው። እሱ የወረቀቱ ቀን ነው። ወንድሜ የተወለደው መስከረም ሦስት ነው፤ በፈረንጅ ሲቆጠር ከወረቀቱ አሥር ቀን ዘግይቶ ይውላል። ዲቪ የሞላልን የኢንተርኔት ቤቱ ልጅ መስከረምን ሴፕቴምበር ብሎ ቀኑን ሳይቀይር እንዳለ ጻፈው፣ ፓስፖርቱም ያንኑ ተከትሎ ወጣ።

ቤት ስገባ ይብስባት ይሆን ብዬ እየፈራሁ ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት። ስለ መስታወቱ ዕቃ ስነግራት ከንፈሯን ነከሰች።

የትኛውን ቀን ነው የሚያወጡት ብላ ጠየቀችኝ። የወረቀቱን አልኳት። ከዚያ ስልኩን ከጉያዋ አውጥታ ለወንድሜ ሰጠችው። እሱ ሲመዘገብ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። የኔ ልብ ግን አላረፈም፤ ያ የመስታወት ዕቃ ዓይኔ ላይ ነበር።

ወንድሜ ለሥራ ሺፍቱ ሲወጣ፣ ዕቃ እያጠብኩ ሳለ እናቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ እንዲህ አለችኝ፦

«እንግዲህ ያቺ ቀን ብትወጣም ትውጣ። ልጄ ያን ቀን ገና ሆዴ ውስጥ ነበር።»