አራጣ አበዳሪውን የተጫወተችው ልጅ

እርጥብ የበግ ጠጉር ሲሸተኝ እግሬ ይቆማል። ባለፈው ሳምንት ሓድነት ሰፈር ውስጥ አንድ ስጋጃ ሠሪ ያጠበውን ጠጉር ደጃፉ ላይ ፀሐይ አስጥቶት ሳልፍ እንደዚያው ቆምኩ። አንቺ ምን ሆንሽ ስትይኝ ምንም አልኩሽ። ምንም አይደለም ማለቴ ግን ውሸት ነበር። አሁን ልንገርሽ፣ ልጄ።

ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። አባቴ ከሸዋ ወደ መቐለ በሥራ ከተዛወረ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ እቤት አማርኛ፣ ደጅ ትግርኛ እየተናገርኩ ነበር የማድገው። የአማርኛ መምህራችንም ከመሐል አገር የመጡ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። የትምህርት ቤቱን የቲያትር ክበብ የያዙት እሳቸው ናቸው። ወንዶቹ ከቲያትር ይልቅ ኳስ ስለሚወዱ ክበቡ የሴቶች ብቻ ሆኖ ነበር፤ የወንዱንም ገጸ ባሕርይ የምንጫወተው እኛው ነን።

አንድ ቀን መምህሩ አንድ የድሮ የፈረንጅ ቲያትር ራሳቸው ወደ አማርኛ መልሰው ይዘው መጡ። በአንዲት የወደብ ከተማ የሚኖር አይሁዳዊ አራጣ አበዳሪ ታሪክ ነው። ነጋዴዎቹ በሃይማኖቱ ይሰድቡታል፣ ይተፉበታል፤ ሲቸግራቸው ደግሞ ደጁን ያንኳኳሉ። ከሁሉም አብዝቶ ያዋረደው ነጋዴ ሊበደር ሲመጣ፣ በቀኑ ካልከፈለ ከገላው ሥጋ ቆርጦ እንደሚወስድ ያስፈርመዋል። ቀኑ ያልፋል፤ አበዳሪው ቢላዋውን ይዞ ችሎት ፊት ይቆማል።

እኛ አይሁድ የሚለውን ቃል የምናውቀው ከስቅለት ስብከት ነበር። ስለዚህ ያን ሰው መሆን የፈለገ አልነበረም። መምህሩ ይህን አይተው፣ «ክፉ ሰው ነው ብላችሁ አትጀምሩ። ምን ቢያደርጉት ነው ብላችሁ ጀምሩ» አሉን። ያኔ ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች፤ እኔ እሆናለሁ አለች።

እናቷ ሸክላ ሠሪ ነበረች። የሸክላ ሠሪ ልጅ ማለት ምን ማለት እንደነበር አንቺ አታውቂም። ሰው ሁሉ ድስቷንና ጀበናዋን ይገዛታል፤ ዓይኗን ግን ይፈራል። ቡዳ ናቸው፣ ሰው ይበላሉ ይባላል። አበዳሪውን እንድትሆን ሲፈቀድላት ልጆቹ ተጠቃቀሱ፤ አንዷ ጆሮዬ ሥር መጥታ፣ የሰው ሥጋ መፈለጉስ ያምርባታል ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። መምህሩ የማን ልጅ እንደሆነች ስለማያውቁ ለምን እንደሳቅን አልገባቸውም።

ነጋዴውን የተጫወተችው የቅርብ ጓደኛዬ ነበረች። እኔ ጠበቃ መስላ ችሎት የምትገባውን፣ ስለ ምሕረት የምትለምነውን ሴት ሆንኩ። ያን ንግግር እየሄድኩም፣ ልብስ እያጠብኩም አጠናሁት። የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ግን አላጠናችም ብል ይሻለኛል፤ ከራሷ አፍ የሚወጣ ነበር የሚመስለው። ሰውየው እንደናንተው ሰው አይደለሁም ወይ ብሎ የሚጠይቅበት ቦታ ላይ ስትደርስ ድምፅዋን ዝቅ ታደርገው ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ይጮህበት ነበር።

የወላጆች ቀን ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ሞላ። በተበሳው ቆርቆሮ የሚገባው ብርሃን መድረኩ ላይ እንደ ሳንቲም ተበትኗል። ለአበዳሪው ጢም እንዲሆን በሸክላ ሠሪዋ ልጅ አገጭ ላይ በዱቄት ሙጫ የተለጠፈው የበግ ጠጉር በላብ ርሶ ይሸታል። ጓደኛዬ ደረቷን ከፈት አድርጋ ቆመች፤ እሷ ቢላዋውን አነሣች። እኔ ስለ ምሕረት ተናገርኩ። ተጨበጨበልኝ። ከዚያ ሥጋ እንጂ ደም አልተፈረመልህም ተብሎ ፍርዱ ተገልብጦ አበዳሪው ሀብቱን ሲነጠቅና ሃይማኖቱን ለውጦ ክርስቲያን እንዲሆን ሲፈረድበት፣ ከፊት የተቀመጡት እናቶች እልል አሉ። እልልታው ወደ ኋላ እየተቀባበለ አዳራሹን ሞላው። አንዲት አሮጊት ተነሥተው እሰይ፣ እሰይ እያሉ አጨበጨቡ።

እሷ በልምምዱ ከለመድነው በላይ ቆመች። ቅርቧ እኔ ብቻ ነበርኩ። ጢሙ ከአገጯ ተላቆ ነበር፤ በመዳፏ መልሳ ስትጭነው አየኋት። ከዚያ በተባለችበት በኩል ወጣች።

በሦስተኛው ቀን ጓደኛዬ ታመመች። ትኩሳቱ ሲያይልባት ቢላዋውን አንሡልኝ፣ ቢላዋውን አንሡልኝ እያለች ቃዠች። ለጓደኛዬ እናት ከዚህ በላይ ማስረጃ አላስፈለጋትም። ጠርታ ወደ ጓዳ አስገባችኝና፣ የበላቻት ያቺ ልጅ ናት፣ ከልብሷም ይሁን ከጠጉሯ ቁራጭ አምጪልኝ፣ በእሱ አጥኛት ትለቃታለች አለችኝ። ሳታይሽ ቁረጪ ብላ የልብስ ስፌት መቀሷን ሰጠችኝ። እምቢ አላልኩም። የትልቅ ሰው ትእዛዝ ስለሆነ ብቻ አይደለም። አምኜ ነበር።

ቤታቸው ከእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ሥር ነበር። ግቢው የእርጥብ ጭቃና የተቃጠለ ኩበት ይሸታል። እሷ ያልደረቁ ድስቶችን ከፀሐይ ወደ ጥላ እያዛወረች ነበር፤ ስታየኝ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ሮጣ መጣች። ከክፍላችን እዚያ ቤት የመጣ ሰው የለም። ከሰላምታ በፊት የጠየቀችኝ የጓደኛዬን ጤንነት ነው። አሁንም አልተሻላትም አልኳት። ሹሩባሽ ተፈቷል፣ ላስተካክልልሽ አልኩና ከኋላዋ ቆምኩ። መቀሱ ሲከፈት ሲጥ አለ።

እሷ አልዞረችም። «ለእሷ ነው?» አለችኝ።

እጇን ወደ ኋላ ዘርግታ መቀሱን ከጣቶቼ አወጣችው። አንዱን ሹሩባ ከሥሩ ቆረጠችና መዳፌ ላይ አስቀመጠችው።

«ውሰጂላት። ሐኪም ቤትም ይውሰዷት። እኔ አላሳመምኳትም፤ ይሄም አያድናትም።»

እናቷ ከምድጃው አጠገብ ሆና አይታናለች። ጎንበስ ብላ ሥራዋን ቀጠለች።

ሹሩባውን አደረስኩ። ሐኪም ቤት መባሉንም ተናገርኩ፤ ያን ያህል እንኳ አድርጌያለሁ። በጠጉሩ አጠኗት፤ ባሰባት። በማግስቱ አባቷ ተቆጥቶ ሆስፒታል ወሰዳት፤ ታይፎይድ ነው ተባለ፣ መርፌውንም ኪኒኑንም ወሰደች። በሁለት ሳምንት ዳነች። ሰፈሩ ግን መርፌውን አላወራም። በጠጉሯ ስትታጠን ለቀቀቻት ተባለ። አየሽ፣ እስከዚያ ሐሜት የነበረው ነገር በእኔ እጅ ማረጋገጫ አገኘ። እውነቱን የማውቀው እኔ ነበርኩ፤ ዝም አልኩ።

የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ራሷን በሻሽ ጠቅልላ ወደ ክፍል መጣች። አጠገቧ የሚቀመጥ አጣች፤ ለሦስት ልጆች በተሠራው ወንበር ላይ ብቻዋን። እኔ በየቀኑ ብድሬን እስክትመልስልኝ እጠብቅ ነበር። መቀስ ይዤ እንደመጣሁ፣ ጠጉርሽን ላስተካክልልሽ ብዬ እንዳታለልኳት ለክፍሉ ብትናገር በቃኝ። ቲያትሩ ላይ ያን ሁሉ በቀል በአፏ ስትናገር ሰምቻታለሁና የሚቀርልኝ አልመሰለኝም። ለማንም አልተናገረችም። አንድ ሰኞ ቀረች፤ በዚያው ቀረች።

መምህሩ ነገሩን ዘግይተው ሰሙ። ሊመልሷት ሁለት ጊዜ ቤቷ ድረስ ሄዱ፤ እናቲቱ ልጄን እዚያ አልልካትም አለቻቸው። ክፍል ገብተው መጽሐፍ ሳይከፍቱ ቆሙ። ወደ እኔ አላዩም፤ ግን የሚናገሩት ለእኔ ይመስለኝ ነበር። «ጥፋቱ የኔ ነው። እናንተን ሳላውቅ ነው ቲያትር የሰጠኋችሁ» አሉ። ክበቡ ከዚያ ወዲያ አልተሰበሰበም።

ባለፈው ዓመት የአክስትሽ ልጅ ሲመረቅ እንዳ ኢየሱስ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ሄደን አልነበር? አንቺ ፎቶ ስታነሺ አንዲት ነጭ ነጠላ የለበሰች ሴት ትከሻዬን ነካችኝ። ያቺ የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ነበረች፤ ቀድማ ያወቀችኝም እሷ ናት። ልጇ ጋውን ለብሶ አጠገቧ ቆሟል፤ ረዥም፣ እንደ እሷ ጸጥ ያለ። ሦስት ጊዜ ሳመችኝ። ያን ሁሉ ዓመት ይቅርታ የምጠይቅበትን ቃል ሳዘጋጅ ኖሬ፣ ደፍሬ አፌን ስከፍት እሷ ቀደመችኝ። የጓደኛዬን ስም ጠርታ፣ «ደሓን ድያ?» አለችኝ።

ደህና ናት፣ አዲስ አበባ ናት፣ ሦስት ወልዳለች አልኳት።

«ተመስገን» አለች። ፊቷን አየሁት፤ ከልቧ ነው። ልጇ ለፎቶ ጠራት፣ እጄን ጨበጥ አድርጋ ለቀቀችኝና ወደ እሱ ሄደች። እኔ ያዘጋጀሁትን ይዤ ቀረሁ።